የድሮ ዘፈናችሁን እንደገና ስትቀዱ፦ ከካሴቱ ክር እስከ አዲሱ ቅጂ

«ከሃያ ዓመት በፊት ያወጣሁትን ዘፈን እንደ አዲስ ልሠራው ነው፤ ከየት ልጀምር?» የሚለው ጥያቄ መምጣቱን አላቋረጠም። ጠያቂው ብዙ ጊዜ አቀናባሪ ተዋውሏል፣ ለስቱዲዮም ቀብድ ከፍሏል። ዘፈኑን ግን ገና መልሶ አላዳመጠውም፤ ቢያዳምጠውም ከዩቲዩብ ላይ፣ ሰው ከካሴት ገልብጦ የጫነውን ነው። ያ ቅጂ ደግሞ በፍጥነትም በድምፅ ከፍታም ከዋናው የራቀ ሊሆን ይችላል።

ይህ መመሪያ ግጥምና ዜማ ለሚደርስ፣ ዘፈኑን በካሴት ወይም በሲዲ አውጥቶ ለነበረ፣ አሁን ደግሞ እዚሁ መሃል አዲስ አበባ በቤቱ ወይም በሰዓት በተከራየው ስቱዲዮ መልሶ ሊቀዳው ለተነሣ ሰው ነው። አንድ ዘፈን በሰው ዕድሜ ሦስት አራት ጊዜ ሊቀዳ ይችላል። ስለዚህ ከታች ያሉት ደረጃዎች ሁለት ሥራ አላቸው፦ የአሁኑን ቅጂ ማውጣት፣ ከዚያም ከዐሥር ዓመት በኋላ የሚመጣው ቅጂ ከባዶ እንዳይነሣ ማድረግ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ዋናው ካሴት። ከአንድ በላይ ካለ ሁሉንም ሰብስቡ፤ አንዱ ክሩ ተጎድቶ ሌላው ደህና ሊሆን ይችላል።
- የካሴት ዴክ፣ ከኋላው የድምፅ መውጫ ያለው። በእጅ የምትያዘዋ ትንሿ ቴፕ የመጨረሻ አማራጭ ናት፤ ፍጥነቷ ይዋዥቃል።
- አይሶፕሮፒል አልኮል፣ 90 በመቶና ከዚያ በላይ፣ ከጆሮ ጥጥ ጋር። 70 በመቶው ውሃ ስለሚበዛበት ለዚህ ሥራ አይመረጥም።
- ሁለት መግቢያ ያለው ሳውንድ ካርድ፣ ከዴኩ ጋር የሚያገናኘው ገመድ፣ የምታውቁት የመቅጃ ፕሮግራም ያለበት ኮምፒውተር።
- ኮንደንሰር ማይክ፣ ፖፕ ፊልተር፣ ጆሮ ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ሄድፎን።
- ሁለት ወፍራም ብርድ ልብስ።
- ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ ቢያንስ ኮምፒውተሩንና ሳውንድ ካርዱን ለ10 ደቂቃ የሚይዝ።
- ሁለት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ።
- ደብተርና እርሳስ። እርሳሱ ለሁለት ነገር ነው፤ ሁለተኛውን ካሴት ያጠነጠነ ሁሉ ያውቀዋል።

ደረጃ 1፦ ወረቀቱን አስቀድሙ

አንድ ዘፈን ውስጥ አራት ሥራ አለ፦ ግጥሙ፣ ዜማው፣ ቅንብሩ፣ የተቀዳው ድምፅ። አራቱም የአንድ ሰው ላይሆኑ ይችላሉ። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ ኢኮኖሚያዊ መብት በሕይወት ሳለ ለራሱ፣ ከሞተ በኋላ ደግሞ ለ50 ዓመት ለወራሾቹ ነው። ድምፁን አስቀድቶ ያሳተመውም ለ50 ዓመት የራሱ መብት አለው።

ስለዚህ ከሙዚቃ ቤቱ ጋር የተፈራረማችሁትን ውል ፈልጉና አንብቡት። የሸጣችሁት ያን ካሴት ብቻ ነው ወይስ ግጥምና ዜማውን ጭምር? «መልሼ አልቀዳም» የሚል አንቀጽ አለ? ግጥሙ የሌላ ሰው ከሆነ ፈቃዱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ገጣሚው ካረፈ ከወራሾቹ ጋር ተነጋገሩ፤ ፊርማ ከመቀበላችሁ በፊት ከፍርድ ቤት የተሰጠ የወራሽነት ማስረጃ እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። የፈቃዱ ወረቀት ላይ የዘፈኑ ስም፣ ማን እንደሚዘፍነው፣ የት እንደሚወጣና ገቢው እንዴት እንደሚከፈል መጻፍ አለበት። በቡና ላይ የተባለ «ምን ችግር አለ፣ ሥሪው» ዘፈኑ ሰው እስኪሰማው ድረስ ብቻ ነው የሚሠራው።

*ማስጠንቀቂያ፦* መልሶ መቅዳትና ከድሮው ድምፅ ቆርጦ መጠቀም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የድሮውን የሳክስፎን መግቢያ አራት ሰከንድ እንኳ ቆርጣችሁ አዲሱ ላይ ብትለጥፉ የአሳታሚው ፈቃድ ያስፈልጋችኋል። ያንኑ መግቢያ በአዲስ ተጫዋች ማስነፋት ደግሞ የዜማና የቅንብር ጉዳይ ነው።

ደረጃ 2፦ ካሴቱን ለመጫወት አዘጋጁ

ካሴቱ ጀርባ ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ስበሩ። ያን ጊዜ የመቅጃው ቁልፍ አልጫን ይላል፤ በስህተት መደምሰስ አይኖርም። ከሁሉ በፊት የሚደረገው ይህ ነው።

ክሩን በመስኮቱ በኩል በብርሃን እዩት። ነጭ ብናኝ ከታየ ሻጋታ ነው፤ አታጫውቱት፤ ብናኙ ዴኩ ውስጥ ገብቶ ሌላውንም ካሴት ይበክላል። ደህና ከሆነ እስከ መጨረሻው አጠንጥኑና መልሱት። ለዓመታት የተቀመጠ ክር ዙሩ ይጣበቃል ወይም ያላላል፤ ሳይጠነጠን ከተጫወተ ይንገዳገዳል፤ ዴኩም ይበላዋል።

ከክሩ በስተጀርባ ያለችውን የስፖንጅ ትራስ ፈትሹ። ከወደቀች ድምፁ የታፈነ ይሆናል፤ አንዱ ጎን እየጠፋ ይመጣል። መፍትሔው ክሩን ወደ ሌላ ካሴት ቅርፊት ማዛወር ነው፤ አምስት ብሎን ያለውን ዓይነት ፈልጉ፤ በማጣበቂያ የተዘጋው ሲከፈት ይሰበራል። የተበጠሰ ክር በመደበኛ ፕላስተር አትቀጥሉ። ማጣበቂያው በጊዜ ብዛት ይቀልጥና የዴኩን ሄድ (ክሩን የሚያነበውን ክፍል) ይይዘዋል፤ ለክር መቀጠያ የተሠራ ፕላስተር አለ።

የዴኩን ሄድና ክሩን የሚያዞረውን ብረት በአልኮል ጥረጉ፤ አምስት ደቂቃ ይድረቅ። ጎማውን በትንሽ ሳሙና ውሃ በረጠበ ጨርቅ ብቻ፤ አልኮል ከደጋገማችሁበት ይደርቃል።

ዘፈኑ ያለው በትልቁ የሪል ቴፕ ላይ ከሆነ እዚህ ላይ ቁሙ። የ1970ዎቹና የ1980ዎቹ (በፈረንጅ) አንዳንድ ሪሎች ሽፋናቸው እየተላጠ ሄድ ላይ ይጣበቃል፤ አንድ ጊዜ ማጫወት ብቻ ዘፈኑን ሊያጠፋው ይችላል። ለባለሙያ ስጡ።

ደረጃ 3፦ ወደ ኮምፒውተር ገልብጡ

ከዴኩ የኋላ መውጫ ወደ ሳውንድ ካርዱ የላይን መግቢያ አገናኙ። ከሄድፎን ቀዳዳ አትውሰዱ፤ የራሱን ጭጭታ ይጨምራል። የማይክ መግቢያም አይሆንም፤ ድምፁ ይፈነዳል።

ፕሮግራሙን 24 ቢት፣ 48 ኪሎ ኸርዝ ላይ አድርጉ። ዘፈኑ በጣም የሚጮኽበትን ቦታ አጫውታችሁ መርፌው ከ−12 እስከ −6 ዴሲቤል መሃል እንዲደርስ አስተካክሉ። ዋቭ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ በደቂቃ 17 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል፤ የ60 ደቂቃ ካሴት ሙሉው ከአንድ ጊጋባይት ትንሽ ይበልጣል። ኤምፒ3 አታድርጉት፤ የሚጥለው ነገር በኋላ የክራሩን ሕብር ለመለየት የምትፈልጉት ነው።

ድምፁ የደበዘዘ ከመሰላችሁ ካሴቱን ከመውቀሳችሁ በፊት ሄዱ መጠምዘዙን አረጋግጡ። ከሄዱ ጎን አንድ ትንሽ ብሎን አለች። የነበረችበትን ቦታ በቀለም ምልክት አድርጉ፣ ሄድፎኑን ወደ ሞኖ ቀይሩ፣ ብሎኗን በጥቂት በጥቂቱ አዙሩ። «ስ» እና «ሽ» የሚሉት ፊደላትና የድራሙ ሲምባል ጥርት የሚሉባት አንዲት ነጥብ አለች፤ እዚያ ላይ ተዉት። ዴኩ የተውሶ ከሆነ ስትጨርሱ ወደ ምልክቱ መልሱት።

በዚህ ደረጃ ጭጭታ ማጥፊያ አትጠቀሙ። የመጀመሪያው ፋይል እንዳለ ይቀመጣል፤ ማጽዳት በቅጂው ላይ ነው።

ደረጃ 4፦ ፍጥነቱን አስተካክሉ

ካሴት በሰከንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር እንዲሄድ ነው የተሠራው። አሮጌ ዴክ ከዚህ ሁለት ሦስት በመቶ ሲያፈነግጥ አዲስ ነገር አይደለም፤ ማባዣውም የራሱን ስህተት ጨምሮበት ይሆናል። አንድ በመቶ የፍጥነት ልዩነት የግማሽ ድምፅ አንድ ስድስተኛ ያህል ነው፤ ስድስት በመቶ ሲሞላ ሙሉ ግማሽ ድምፅ ይሆናል። ይህን ሳያስተካክሉ የሚነሡ ሰዎች «ድሮ ምን ያህል ከፍ አድርጌ ነበር የምዘፍነው!» ይላሉ። ከፍ ያደረገው ሞተሩ ነው።

ለማረጋገጥ ሁለት መንገድ አለ።

ሀ) ዘፈኑ ውስጥ ኪቦርድ ካለ ኪቦርዱ ብቻውን የሚሰማበትን ቦታ በስልክ ቲዩነር ለኩ። ኪቦርድ በአብዛኛው 440 ላይ ነው የሚሠራው። በሁሉም ኖታ ላይ እኩል ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ከሳተ፣ የሳተው ክሩ ነው።

ለ) ክራርና ድምፅ ብቻ ከሆነ ከዘፈኑ በፊት ያለውን ጸጥታ በፕሮግራሙ የፍሪኩዌንሲ ማሳያ እዩት። ያኔ ሲቀዳ የገባ የመብራት ሁምታ ሊኖር ይችላል። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው። ማሳያው 51.5 ላይ ካሳየ ክሩ 3 በመቶ ፈጥኗል። ጥንቃቄ፦ ካሴቱን ስታቆሙት ሁምታው ካልጠፋ የመጣው ከራሳችሁ ገመድ ነው፤ ስለ ክሩ የሚነግራችሁ ነገር የለም።

ማስተካከያውን ፍጥነትንና የድምፅ ከፍታን አብሮ በሚቀይረው ትእዛዝ ሥሩ፤ አንዱን ለይቶ የሚቀይረው እዚህ አይጠቅምም። አንድ ነገር ደግሞ፦ ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ ዴክ ወይም የሪል ማጫወቻ ቮልቱ በትራንስፎርመር ቢስተካከልም 60 ኸርዙ አይስተካከልም። ሞተሩ በመብራቱ ኸርዝ የሚዞር ዓይነት ከሆነ 17 በመቶ ያዘግማል፤ ዘፈኑ ከሦስት ግማሽ ድምፅ በላይ ይወርዳል።

ደረጃ 5፦ አጥንቱን ደብተር ላይ አውጡ

የሁሉም ነገር መሠረት እዚህ ነው። ቅንብር ልብስ ነው፤ ይቀየራል። አጥንቱ ቅኝቱ፣ ምቱ፣ የዜማው መታጠፊያና ግጥሙ ነው። የትኛው ልብስ የትኛው አጥንት እንደሆነ ሳይለይ የተጀመረ ሥራ፣ አቀናባሪው የተሰማውን ጨምሮበት ሌላ ዘፈን ሆኖ ይወጣል።

*ቅኝት።* ዜማው የሚያርፍበትን ድምፅ ፈልጉና ዶ በሉት። ከዚያ ሌሎቹን አራቱን ጻፉ። ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ከሆነ ትዝታ ሜጀር ነው፤ ሚ እና ላ በግማሽ ከወረዱ ትዝታ ማይነር። ዶ ሚ ፋ ሶል ሲ ባቲ ሜጀር። ዶ፣ የወረደ ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ የወረደ ላ ከሆነ አምባሰል። አንቺ ሆዬ ላይ ደግሞ ሬ እና ሶል ይወርዳሉ፣ ላ አይወርድም። አምባሰልና አንቺ ሆዬ የሚለያዩት በሶልና በላ ብቻ ስለሆነ ከቆየ ካሴት ላይ ይምታታሉ፤ ከክራሩ ይልቅ ድምፃዊውን ስሙ።

*ምት።* ችክችካ ከሆነ በ6/8 ነው። በደቂቃ ስንት ትልቅ ምት እንዳለ ቁጠሩ (15 ሰከንድ ቆጥራችሁ በ4 አባዙ)። ብዙ ፕሮግራሞች ግን ሜትሮኖማቸው ሩብ ኖታ ነው የሚቆጥረው። አንዱ ትልቅ ምት ደግሞ አንድ ተኩል ሩብ ኖታ ነው። ስለዚህ 80 ትልቅ ምት ካገኛችሁ የምትሞሉት 120 ነው፤ 80 ብትሞሉ ዘፈኑ ይጎተታል፤ ምክንያቱን ስትፈልጉም አንድ ሰዓት ይሄዳል።

ፍጥነቱን በሦስት ቦታ ለኩ፦ መጀመሪያው አዝማች ላይ፣ መሃል ላይ፣ መጨረሻ ላይ። ያለ ሜትሮኖም የተቀዳ ባንድ ወደ መጨረሻው ይፈጥናል። አማካዩን አትውሰዱ። የመጀመሪያውን አዝማች ውሰዱ፤ ቃላቱ በዜማው ላይ ተደላድለው የተቀመጡት እዚያ ነው። መጨረሻ ላይ የሚፈጥንበትን መጠንም ጻፉ፤ ያ ግለት ሜትሮኖም ውስጥ ሲገባ ይሞታልና አቀናባሪው በሦስት አራት ነጥብ ቀስ በቀስ እንዲጨምረው ትጠይቁታላችሁ።

*መታጠፊያ።* ግጥሙን በሰፊ መስመር ጻፉና ድምፅ የተረቀረቀበትን፣ ትንፋሽ የተወሰደበትን፣ ቃል የተጎተተበትን በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ዘፈን የሚታወቀው በእነዚህ ነው።

ደረጃ 6፦ ግጥሙን ፈትሹ፤ ቶሎ አትቀይሩ

ከዓመታት በኋላ አንዳንድ ስንኝ ያሳፍራል፤ አንዳንዱ ዘመኑ አልፎበታል። ለመቀየር ከፈለጋችሁ ሦስት ፈተና አለ፦ ቀለሙ (ቃሉ ሲነገር የሚከፈልባቸው ድምፆች) ይቆጠራል፣ ቤቱ (የስንኙ መጨረሻ) ይመታል፣ ጥብቅና ላላው ይታያል።

ለምሳሌ ይህን እንውሰድ፦

ደብዳቤሽ ሳይደርሰኝ፣ ፖስታ ቤት ደጅ ቆሜ፣
ስንት ክረምት አለፈ፣ ናፍቆትሽን ታምሜ።

የወል ቤት ነው፤ በየመስመሩ ስድስት በስድስት ቀለም። «ዛሬ ደብዳቤ የሚጽፍ ማን አለ» ተብሎ «ደብዳቤሽ» በ«ስልክሽ» ቢተካ ሦስቱ ቀለም ሁለት ይሆናል። ድምፃዊው የጎደለችውን ለመሙላት «ስልክሽን» ይላል ወይም «ስ»ን ይጎትታል፤ ዜማው እዚያ ላይ ይሰበራል። «መልእክትሽ» ቢባል ቀለሙ ይሞላል፤ ግን መልእክት የሚጠብቅ ሰው ፖስታ ቤት ደጅ ምን ይሠራል? አንዷን ቃል ስትነኩ ሁለቱም መስመር ይናዳል። እንዲህ ያለውን መተው ይሻላል፤ ደብዳቤው የዘፈኑ ዕድሜ ነው፤ አድማጭም ያንን ያውቃል። መቀየር ያለበት ዛሬ አፋችሁ እምቢ የሚለው ስንኝ ብቻ ነው።

ጥብቅና ላላው ደግሞ የሚበላሸው ቃል ሳይቀየር፣ ፍጥነት ሲቀየር ነው። «አለ» ሲጠብቅ መኖር ነው፣ ሲላላ መናገር። «ገና» ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፣ ሲጠብቅ በዓል። ዘፈኑን አዝግማችሁ ድምፁ በጠበቀው ፊደል ላይ ከተንሳፈፈ ጥብቀቱ ይጠፋና ትርጉሙ ይዞራል። አዲሱን ፍጥነት ከወሰናችሁ በኋላ ግጥሙን አንድ ጊዜ ጮክ ብላችሁ በምቱ ላይ አንብቡ፤ ያለ ዜማ። የሚንሸራተተው ቃል ወዲያው ይታወቃል።

ደረጃ 7፦ ዘፈኑ የሚነሣበትን ድምፅ ምረጡ

የድሮውን ኪይ መያዝ ግዴታ አይደለም። የዘፈኑን ከፍተኛ ኖታ ፈልጉ። አሁን በተከታታይ ሦስት ጊዜ ሳትጮኹና ሳትጨነቁ የምትደርሱበትን ከፍታ ለኩ፤ ጠዋት ሳይሆን ከሰዓት በኋላ፤ ጠዋት ድምፅ ይወፍራል። የዘፈኑ ጫፍ ከዚያ አንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ ብሎ እንዲቀመጥ ኪዩን አውርዱ። ይህች ትርፍ ካልቀረች አምስተኛው ቅጂ ላይ ድምፁ ይሻክራል።

ኪይ ሲወርድ ሌላ ሰውም ይነካል። ባለ አራት ክር ቤዝ ጊታር ዝቅተኛው ድምፁ ሚ ነው (41 ኸርዝ)፤ የድሮው መስመር እዚያ የነበረ ከሆነ ወይ ባለ አምስት ክር ያስፈልጋል ወይ መስመሩ ወደ ላይ ይወጣል። ዋሽንት በኪዩ የተቆረጠ ነው፤ ተጫዋቹ የሚስማማውን ይዞ እንዲመጣ ከቀረጻው ቀን በፊት ንገሩት። ክራርና ማሲንቆ ይቃኛሉ፤ ክሩ በጣም ከላላ ግን ማሲንቆው ይንቀጠቀጣል።

ከባሕር ማዶ ለቀረጻ ብቻ የምትመጡ፦ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንፋሽ ያጥራል። ከአውሮፕላን በወረዳችሁ ማግስት ማይክ ፊት አትቁሙ፤ ጥቂት ቀን ስጡት።

ደረጃ 8፦ ንድፍ ቅጂ

ድምፅና አንድ መሣሪያ ብቻ፤ ክራር፣ ጊታር ወይም ኪቦርድ። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አድርጉ፣ አንድ ሜትር ራቁ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳታቋርጡ ዝፈኑ። በሦስት የተለያዩ ቀናት፣ በሦስት ትንሽ በተለያየ ፍጥነት። ከሳምንት በኋላ ያለ ሥራ፣ ዕቃ እያጠባችሁ ወይም እየተራመዳችሁ ስሙት። ራሳችሁን እያንጎራጎራችሁ የምታገኙበት ፍጥነት ትክክለኛው ነው።

ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል። ለአቀናባሪ ከድሮው ካሴት ይልቅ ይህን ንድፍ ስጡት። ካሴቱን ከሰጣችሁት የድሮውን ቅንብር በአዲስ ድምፆች ይገለብጥላችኋል።

ደረጃ 9፦ ቦታና ሰዓት

ቤት ውስጥ ከሆነ መሃል ከተማ ጸጥታ የሚሰጠው በሰዓት ነው። አንድ ሙሉ ቀን መስኮቱን ከፍታችሁ የሚሰማውን መዝግቡ፦ የሚኒባስ ረዳቶቹ «አራት ኪሎ! ፒያሳ!» መቼ ይበረታል፣ አዛኑና ቅዳሴው ስንት ሰዓት ነው፣ ጎረቤት ያለው ግንባታ መቼ ያቆማል። በፍልሰታ የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ከወትሮው ይረዝማል። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከሆናችሁ የሐምሌና የነሐሴ ከሰዓት በኋላን እርሱት።

ብርድ ልብሱን ከማይኩ ኋላ ሳይሆን ከዘፋኙ ኋላና ጎን ስቀሉ። የተለመደው ማይክ ከኋላው ያለውን አይሰማም፤ የሚሰማው ከዘፋኙ ጀርባ ካለው ግድግዳ ተመልሶ የሚመጣውን ነው። ፍሪጁን ንቀሉ፤ መልሳችሁ መሰካቱን እንዳትረሱ የቤት ቁልፋችሁን ፍሪጁ ውስጥ አስቀምጡ።

*ማስጠንቀቂያ፦* መብራት ከጠፋ ዴኩንና ዩፒኤስ ላይ ያልተሰካውን ዕቃ ሁሉ ወዲያው ንቀሉ፤ ሲመለስም አምስት ደቂቃ ታገሡ። ዕቃ የሚያቃጥለው መጥፋቱ አይደለም፣ ሲመለስ የሚመጣው የቮልት ዝላይ ነው። ፕሮግራሙ በየሁለት ደቂቃው ራሱ እንዲያስቀምጥ አድርጉት።

ደረጃ 10፦ ቀረጻ

ከቀረጻው ሁለት ቀን በፊት የድሮውን ቅጂ መስማት አቁሙ። አለበለዚያ ሳታውቁት ራሳችሁን ትኮርጃላችሁ፤ የሃያ አምስት ዓመት ሰው ድምፅ በሃምሳ ዓመት ጉሮሮ አይወጣም።

ማይኩን ገመድ ላይ ከሰካችሁ በኋላ ነው ከሳውንድ ካርዱ ለማይኩ ኃይል የሚሰጠው 48 ቮልት የሚበራው፤ ከመንቀላችሁ በፊት ይጠፋል። ከማይኩ አንድ ስንዝር ራቁ፤ ፖፕ ፊልተሩ በመሃል ይሁን። የድምፁ ጩኸት ከ−10 ዴሲቤል እንዳያልፍ ትርፍ ተዉ፤ እንደ «ጭ»፣ «ጥ»፣ «ቅ» ያሉ ፈንጂ ፊደላት በድንገት ስለሚዘሉ መርፌው ከሚያሳየው በላይ ይመታሉ። ሄድፎን ውስጥ ራሳችሁን ዘግይታችሁ ከሰማችሁ የፕሮግራሙን በፈር (ድምፁን ይዞ የሚያቆይበትን መጠን) ወደ 128 አውርዱ።

ሃያ ደቂቃ ድምፃችሁን አሟሙቁ፤ ከዚያ ሙሉውን ዘፈን አምስት ስድስት ጊዜ ዝፈኑ፤ ስንኝ በስንኝ አትቅዱ። ስንኝ በስንኝ ሲቀዳ ትንፋሹ የሌላ ሰው ይመስላል። ከሦስት ሰዓት በላይ አትሥሩ። ስቱዲዮ ከሆነ ክፍያው በሰዓት ነው ወይስ በዘፈን፣ የተቀዳውስ ፋይል በሙሉ ይሰጣችኋል ወይ የሚለውን ከመግባታችሁ በፊት ተነጋገሩ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበልጣል፤ ደረጃ 12 ላይ ታዩታላችሁ።

ደረጃ 11፦ ከድሮው ጋር አነጻጽሩ

ሚክሱ ካለቀ በኋላ ዐሥር ቀን አትንኩት። ከዚያ ሁለቱን ቅጂዎች በእኩል ጩኸት አድርጋችሁ ስሙ። አዲሱ ሁልጊዜ ስለሚጮኽ የተሻለ ይመስላል፤ በሜትር ለክታችሁ ዝቅ አድርጉት። በስልክ ድምፅ ማጉያ፣ በጆሮ ማዳመጫና በታክሲ ውስጥ ሞክሩት፤ ታክሲው ውስጥ ግጥሙ ካልተሰማ ኪቦርዱ ድምፁን ሸፍኖታል ማለት ነው። ማስተሪንግ (የመጨረሻው የድምፅ ማስተካከያ) ላይ ለጩኸት አትወዳደሩ፤ ዩቲዩብ ከ−14 ሉፍስ (የጩኸት መለኪያ) በላይ የወጣውን ራሱ ዝቅ ያደርገዋል።

ደረጃ 12፦ ለሚቀጥለው ቅጂ አስቀምጡ

የፕሮግራሙ ፋይል ብቻውን ከዐሥር ዓመት በኋላ አይከፈትም፤ ፕሮግራሙ ተቀይሯል፣ ተጨማሪ መሣሪያዎቹ ጠፍተዋል። እያንዳንዱን ድምፅ ለብቻው፣ ሁሉንም ከዜሮ ሰከንድ ጀምረው እኩል ርዝመት ያላቸው ዋቭ አድርጋችሁ አውጡ። ያኔ በየትኛውም ፕሮግራም ላይ ቢደረደሩ ይገጥማሉ። አብሮ አንድ ገጽ ይግባ፦ ፍጥነት፣ ኪይ፣ ቅኝት፣ ማን ምን እንደተጫወተ፣ የተቀየረ ስንኝና ምክንያቱ። ሦስት ቅጂ ይኑር፤ አንዱ ከቤት ውጭ፣ ዘመድ ዘንድ። በየዓመቱ መስከረም ላይ ሰክታችሁ መከፈቱን እዩ።

ዘፈኑ ከወጣ ከሁለት ወር በኋላ ያልረካችሁባቸውን ቦታዎች እዚያው ገጽ ላይ ጨምሩ። በሚቀጥለው ጊዜ የምትነሡት ከዚያ ዝርዝር ነው።

ደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

- *ኦቶቲዩንን በዐሥራ ሁለቱም ድምፅ ላይ ማድረግ።* መረቅረቁን እንደ ስህተት ቆጥሮ ወደ ቅርቡ ኖታ ይጎትተዋል፤ አምባሰሉም ትዝታ ማይነር ሊመስል ይደርሳል። የግድ ከሆነ የቅኝቱን አምስት ድምፆች ብቻ ምረጡ፣ አዝግሙት፣ በእርሳስ ምልክት ካደረጋችሁባቸው መታጠፊያዎች ላይ አጥፉት።
- *ማሲንቆን በኪቦርድ ልክ ማስተካከል።* ተጫዋቹ የሚቃኘው በጆሮው ነው። ተቃራኒውን አድርጉ፦ ማሲንቆው በሚገባበት ቦታ ኪቦርዱ የሚጋጨውን ኖታ ይተው።
- *መግቢያውን ማስረዘም።* የድሮው 12 ሰከንድ የነበረ አዲሱ 50 ሲሆን ብዙ አድማጭ ድምፁ ሳይገባ ይሄዳል።
- *የድሮውን ከዩቲዩብ ማጥፋት።* አዲሱ በራሱ ስም ይውጣ፤ ርዕሱ ላይ «አዲስ ቅጂ» እና ዓመቱ ይጻፍ።
- *የዘመን አቆጣጠር መደባለቅ።* ካሴቱ ላይ «87» ተብሎ ቢጻፍ 1987 ዓ.ም. ነው ወይስ በፈረንጅ? መሃሉ ሰባት ስምንት ዓመት ነው፤ ውልና የመብት ጊዜ ሲቆጠር ልዩነቱ ገንዘብ ይሆናል። ኮምፒውተሩ በፈረንጅ ነው የሚመዘግበው፤ እናንተ በሁለቱም ጻፉ፤ ከቁጥሩ ጎን «ዓ.ም.» ወይም «በፈረንጅ» የሚለው አይቅር።